አስጎብኚ ይያዝ ወይስ ይቅር?

ሐረር ፈረስ መጋላ ላይ ከባጃጅ የወረደ እንግዳ ሒሳቡን ከፍሎ ሳይጨርስ «አስጎብኚ ትፈልጋለህ?» የሚለው አያጣም። ልብ ለሁለት የሚከፈለውም እዚያው ቆሞ ነው። በግንብ የታጠረው አሮጌው ከተማ፣ ጀጎል፣ ጠፍተው የሚቀሩበት አይደለም፤ በ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አሚር ኑር ያሠሩት ግንብ ዙሪያው 3 ኪሎ ሜትር ተኩል ገደማ ስለሆነ፣ ቁልቁል የሚወርደውን ቀጭን መንገድ ይዞ የሄደ ሰው ወይ በር ያገኛል ወይ ግንብ። ጅቦቹ እንኳ ሌሊት በግንቡ ሥር በተተወላቸው ቀዳዳ ገብተው፣ ጥራጊውን ለቃቅመው፣ ማንንም ሳይጠይቁ ይወጣሉ። ታዲያ ለምን ብር ይውጣ?

ደግሞም ብቻን መዞር የራሱ ጣዕም አለው። መኪና ግርግር በሚሉት መንገድ ላይ ቆም ብላችሁ አንዱን ልብስ ሰፊ ብታዩት፣ እግሩ ፔዳሉን ይረግጣል፣ ምላሱ ክሩን ያረጥባል፣ ክሩ የመርፌውን ቀዳዳ ይስታል፣ እሱ ግን ከጎረቤቱ ጋር የያዘውን ክርክር ለአፍታም አያቋርጥም። አስጎብኚ ቢኖር «ይኼ የልብስ ሰፊዎች መንገድ ነው» ብሎ ይታጠፍ ነበር፤ የሚቸኩለው ወደ ራምቦ ቤት ነዋ! (ያ ቤት ፈረንሳዊው ባለቅኔ ከሞተ በኋላ በህንዳዊ ነጋዴ የተሠራ ነው ይባላል፤ ይሁን፣ ባለቀለም መስኮቶቹ ለማየት ያምራሉ።)

ችግሩ የሰው ቤት ነው። የሐረሪን ቤት ያላየ ሐረርን አየሁ ቢል ግማሹን ነው፤ የሰው በር ደግሞ ዝም ብሎ አይንኳኳም። ጫማ አውልቆ ገብቶ፣ የትኛው መደብ ላይ ማን እንደሚቀመጥ፣ ግድግዳውን የሞላው ስፌት ከማን እጅ እንደወጣ፣ ከበሩ በላይ ተጠቅልሎ የተቀመጠው ምንጣፍ ለጋብቻ የደረሰች ልጅ መኖሯን እንደሚናገር ለመስማት የሚያስገባ ሰው ያስፈልጋል። በር የሚያስከፍተው ሰላምታ እንጂ ታሪክ አይደለም።

ስለዚህ እኔ ብሆን አስጎብኚውን መጀመሪያ ቡና እጋብዘዋለሁ። ስኒው እስኪያልቅ ስንት አላፊ አግዳሚ ስሙን ጠርቶ ሰላም ይለዋል? አሮጊቷ ጫት ሻጭ ከቀለደችበት፣ እሱም ከመለሰላት፣ ሰውየው ይበቃል፤ ዓመተ ምህረት ቢሳሳት ግድ የለኝም። ዋጋውን ግን ከወንበር ሳንነሳ እንነጋገራለን፤ ከሰዓት በኋላም ብቻዬን ወደ ልብስ ሰፊዎቹ ስለምመለስ የግማሽ ቀን ሒሳብ ነው የምከፍለው።