ከማስታወሻዬ የጎደለው ማር

እውነቱን ልናገር፤ ሰቆጣ የሄድኩት ረሃብ ፍለጋ ነው።

ነሐሴ 2011 ዓ.ም. ላይ የጋዜጠኝነት ተማሪ ነበርኩ። የቢቢሲው ማይክል በርክ በጥቅምት 1977 ዓ.ም. ከኮረም ያስተላለፈውን የረሃብ ዘገባ ክፍል ውስጥ አይተናል። ኮረም ደግሞ የዋግ ጎረቤት ናት። በዚያ ላይ መንግሥት በ2007 ዓ.ም. የሕፃናትን መቀንጨር ለማጥፋት የገባው ቃል «የሰቆጣ ቃል ኪዳን» ተብሏል። ለመመረቂያ ጽሑፍ ከዚህ የተሻለ ምን ይገኛል? አልኩ።

የክፍል ጓደኛዬ ከከተማው ወጣ ብሎ ወዳለው ወደ አክስቷ ቤት ወሰደችኝ። የሻደይ ሰሞን ነው። ልጃገረዶቹ ለምለሙን ቅጠል ወገባቸው ላይ አስረው ይጨፍራሉ። እኔ ግን ገና ከመቀመጤ ደብተሬን አወጣሁ።

«በቀን ስንት ጊዜ ትበላላችሁ?»

ሴትዮዋ ለጓደኛዬ በኽምጣኛ አንድ ነገር አሏትና ሁለቱም ሳቁ።

«ምን አሉ?»

«እንግዳ መጀመሪያ ይበላል፣ ከዚያ ይጠይቃል።»

የማሽላ እንጀራ በሽሮ ቀረበ። ቀጥሎ ማር መጣ። ልጆቹ ዳር ቆመው ያያሉ፤ እኔ ጣቴን እየላስኩ ጨረስኩት። ማታ ላይ ጓደኛዬ ቀስ ብላ ነገረችኝ፤ ማሩ ተሽጦ የልጆቹ ደብተር ሊገዛበት የተቀመጠ ነበር።

ሴትዮዋ ደግሞ በአማርኛ ጠየቁኝ፦ «ልጄ፣ ይሄን ሁሉ አገር አቋርጠሽ ስትመጪ እናትሽ አልሰጋችም?» እናቴ ጋ ከደወልኩ አራት ቀን ሆኖኝ ነበር። አፈርኩ።

ጽሑፌን ስጽፍ ማሩን አወጣሁት። ማሩ ከገባ ረሃቡ የሚቀንስብኝ መሰለኝ። መምህሬ «ልብ ይነካል» አሉኝ፤ ኤ አገኘሁ።

በ2013 ዓ.ም. ጦርነቱ ዋግ ደረሰ። ስልክ ሲጠፋ ያንን ማስታወሻ አውጥቼ ገለጥኩት። የቤተሰብ ብዛት አለ፤ የከብት ብዛት አለ፤ በቀን ስንቴ እንደሚበሉም አለ። የልጆቹ ስም ግን የለም። ስለ ማን እንደምጨነቅ እንኳ በስም ለይቼ አላውቅም! ደህና መሆናቸውን ከጓደኛዬ የሰማሁት ከወራት በኋላ ነው።

የጻፍኩት ውሸት አልነበረም፤ እጦቱ ነበረ። ደብተሩን ለእንግዳ ያበላ ቤት መሆኑን ነው የደበቅኩት።

እናንተም ገጠር ስትሄዱ ብዕር ከማውጣታችሁ በፊት እጃችሁን ታጠቡ። ማዕድ መቅረቡ አይቀርም። የልጆቹንም ስም ጠይቁ።