«አልተጫነም» ማለት ስልክህ ሞቷል ማለት አይደለም

ባሕር ዳር ላይ አፕ የሚመጣው ከፕሌይ ስቶር ብቻ አይደለም። ፔዳ ወይም ፖሊ ግቢ ያለ ተማሪ ዳታ ለመቆጠብ ፋይሉን ከጓደኛው በቴሌግራም ይቀበላል። ጓደኛው ስልክ ላይ የሚሠራው አፕ ግን እሱ ጋ ሲደርስ «አልተጫነም» ይላል። ምክሩ የታወቀ ነው፦ «ስልክህ አርጅቷል፣ ቀይረው!»

ቆይ! ቦታ ሞልቶ ሊሆን ይችላል። ወይም ደግሞ ፋይሉ የዚያ ስልክ አይደለም።

የአብዛኞቹ አንድሮይድ ስልኮች ፕሮሰሰር ኤአርኤም ነው፤ ግን 32 ቢት እና 64 ቢት የሚባል ልዩነት አለ። ለ64 ቢት ብቻ የተዘጋጀ አፕ 32 ቢት ሲስተም ላይ አይሠራም። ፕሌይ ስቶር ስልኩን አይቶ የሚስማማውን ይልካል። ከጓደኛ የመጣው ግን በጓደኛ እግር ልክ የተሰፋ ጫማ ነው።

የባሰው ይሄ ነው፦ ቺፑ 64 ቢት ሆኖ ሳለ 32 ቢት አንድሮይድ የተጫነባቸው ርካሽ ስልኮች አሉ። የቺፑን ስም ብቻ አይቶ የሚወስን ፕሮግራመር እዚህ ላይ ይወድቃል። ጥያቄው «ቺፕህ ምንድን ነው?» ሳይሆን «የትኛውን ኮድ ታስኬዳለህ?» መሆን አለበት። በ2014 እ.ኤ.አ. ከወጣው አንድሮይድ 5.0 ጀምሮ ሲስተሙ ራሱ ዝርዝሩን ይሰጣል፤ የሚመርጠውንም ከላይ ያስቀምጣል።

ኮምፒውተርም ያው ነው። 64 ቢት ዊንዶውስ ላይ የሚሮጥ 32 ቢት ፕሮግራም ስለ ፕሮሰሰሩ ሲጠይቅ የ32 ቢት መልስ ሊሰጠው ይችላል። አፕል በ2020 ባወጣቸው ኤም1 ማኮች ላይ ደግሞ ለኢንቴል የተሠራ ፕሮግራም በሮዜታ አስተርጓሚነት ሲሮጥ ኢንቴል ላይ ያለ ይመስለዋል። ሲስተሙ ይህን የሚያደርገው አሮጌው ፕሮግራም እንዳይደናገር ነው። ስለዚህ ኮዱ ለየትኛው ማሽን እንደተዘጋጀና አሁን የት ላይ እየሮጠ እንዳለ ሁለት የተለያዩ ጥያቄዎች ናቸው።

ጣና ላይ አንድ ሰው ብቻ የምትችል ታንኳ አለች፤ እንጨት የምትጭን ትልቅም አለች። ሁለቱም ደንገል ናቸው። ሳይለይ የሚጭን ግን ይሰጥማል።

አፕ የምትሠሩ ልጆች፣ ለሁለቱም አዘጋጁ። ካልቻላችሁ ፋይሉ ስም ላይ «ለ64 ቢት ብቻ» ብላችሁ ጻፉ፤ ያልተጫነ አፕ ራሱ ሊናገር አይችልምና። እናንተ ተጠቃሚዎችም ለአዲስ ስልክ ብር ከማውጣታችሁ በፊት የፋይሉን ዓይነት ጠይቁ። በአንድ ቃል ጉድለት ደህና ስልክ መጣል የለበትም።