የመምህር እጅና ድምፅ

ሥዕልና ዜማ የትምህርት ጌጥ ናቸው የሚሉ ሰዎች ብዙ ናቸው። ጌጥ ደግሞ ሲቸግር ይሸጣል። ፈተና በቀረበ ጊዜ ከትምህርት ቤቱ ሰሌዳ አስቀድሞ የሚሰረዘው የሥዕልና የመዝሙር ሰዓት የሚሆነውም ስለዚሁ ነው።

ከደሴ በስተ ሰሜን 30 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ፣ በሐይቅ ውሃ ላይ፣ የእስጢፋኖስ ገዳም ይገኛል። በ13ኛው መቶ ዓመት አቡነ ኢየሱስ ሞዓ በዚያ ሆነው ብዙ ደቀ መዛሙርት አስተማሩ፤ አቡነ ተክለ ሃይማኖትም ከእነርሱ አንዱ እንደ ነበሩ ይነገራል። በ1273 ዓ.ም. ለገዳሙ የተሰጠው ወንጌል ሥዕል ያለበት ነው፤ የኢየሱስ ሞዓም መልክ በውስጡ ተሥሏል። እኔ ያደግሁት በሚሲዮን ትምህርት ቤት፣ መዝሙርም የተማርሁት በኦርጋን ስለ ሆነ፣ የዜማ ቤት ደጅ አልጠናሁም። ነገር ግን ብራና የሚፍቅ፣ ቀለም የሚበጠብጥ፣ መቃ ብርዕ የሚቀርጽ ሰው ፊደልን በዓይኑ ብቻ ሳይሆን በእጁም እንደሚያውቅ ለመረዳት የቄስ ተማሪ መሆን አያስፈልግም።

ጡረታ ከወጣሁ በኋላ በሐይቅ ከተማ ለተሰበሰቡ ጥቂት መምህራን ሁለት ቀን እንዳግዝ ተጠየቅሁ። ነገሩ ሥነ ጥበብን ከሌላው ትምህርት ጋራ አዋሕዶ ስለ ማስተማር ነበር። ገና ሳንጀምር አንዲት ሃያ ዓመት ያስተማረች መምህርት ተነሥታ፣ «ጋሼ፣ ልጆቼ ስልሳ አምስት ናቸው፤ ቀለሙና ወረቀቱ ከየት ይመጣል? የፈተናውን ዕዳስ ማን ይከፍልልኛል?» አለችኝ። እውነቷን ነው። በ1986 ዓ.ም. ከወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ወዲህ በመጀመሪያዎቹ ክፍሎች አንድ መምህር ሁሉን ትምህርት ይዞ እንዲያስተምር ሲደረግ፣ ሥዕሉም ዜማውም በዚያው ትከሻ ላይ ተጨመረ። ዛሬም የክወናና የእይታ ጥበባት የሚባል ትምህርት አለ።

እኔም መልስ ሳልሰጥ፣ ባሕረ ገብ መሬት ማለት ምን እንደ ሆነ ጠየቅኋቸው። «በሦስት ወገን በውሃ የተከበበ መሬት» ብለው ሁሉም ባንድ ቃል መለሱ። ከዚያ ከሐይቁ ዳር ጭቃ አስመጥቼ፣ ወረቀትም ቀለምም ሳያሻን፣ ሐይቁንና ገዳሙን እንዲሠሩ አደረግሁ። ግማሾቹ ገዳሙን በውሃ መካከል ብቻውን አቆሙት። ክርክር ተነሣ። በውሃው ዳር ተወልዶ ያደገ አንድ መምህር፣ ገዳሙ የቆመበት መሬት ቀድሞ ደሴት እንደ ነበረ፣ ዛሬ ግን ከየብስ ጋራ እንደ ተያያዘ አስረዳ። በቃል ሲያነበንቡት የኖሩት ትርጓሜ ከደጃቸው ካለው መሬት ጋራ የተገናኘው ገና ያን ዕለት ነው። ወዲያው ደሴት እንዴት ባሕረ ገብ መሬት እንደሚሆን፣ የውሃው ዳር በገመድ ቢለካ ምን ያህል እንደሚሆን ይጠያየቁ ጀመር።

ወጣት አንባቢ ሆይ፣ ዜማ ሁሉ ግን ዕውቀት ነው እንዳትል። የማባዛት ሠንጠረዥን በዜማ የሚያወርድ ልጅ፣ «ሰባት ጊዜ ስምንት ስንት ነው?» ሲሉት ከመጀመሪያው ካልተነሣ መመለስ ያቅተዋል። ያ ዜማ ድንቁርናን አሳምሮ የሚሸፍን ነጠላ ነው። መምህሩ ይህን የሚለየው ግን ራሱ ዘፍኖ፣ ራሱ ሥሎ፣ ራሱ ጭቃ አቡክቶ ያየ እንደ ሆነ ነው። ስለ ሥዕል በቃል ተነግሮት፣ በጽሑፍ ተፈትኖ የወጣ መምህር፣ በልጆች ፊት ጠመኔ ሲያነሣ እጁ ይንቀጠቀጣል፤ አፍሮም ይተወዋል። አለ ፈለገ ሰላም በአዲስ አበባ ያቋቋሙት የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ሠዓሊዎችን አፍርቷል፤ የክፍል መምህርን ግን ሠዓሊ ሁን የሚለው የለም። የሚፈለግበት በባልንጀሮቹ ፊት አንድ ጊዜ አፍሮ መጨረስ ነው። በዚያ በሁለት ቀን ውስጥ ትልቁ ሥራችን ይኸው ነበር፤ ጎልማሶች ሰዎች በሻካራ ድምፅ እየዘመሩ እርስ በርሳቸው ተሣሣቁ።

በመጨረሻ ያቺ መምህርት እጇን ሳትታጠብ ወደ እኔ መጥታ፣ «የልጁ ጭቃ አስቀያሚ ቢሆን፣ ግን ልክ ቢሆን፣ ስንት ማርክ ልስጠው?» ብላ ጠየቀችኝ።

«ገዳሙ ከየብስ ጋራ ከተያያዘ ሙሉውን ይስጡት» አልኋት።