አክስቴ ለሐኪሙ ያልነገረችው

አርሲ ነገሌ የአረቄ አገር ናት። ድፍድፍ ጥደው፣ አረቄ አውጥተው ልጆቻቸውን ያስተማሩ እናቶች ሞልተውባታል፤ አክስቴም አንዷ ናት። ሳል ከያዛት ዓመታት አልፈዋል። ሐኪም ቤት ይዣት ስሄድ ሐኪሙ ካርዱ ላይ እንዳቀረቀረ «ሲጋራ ያጨሳሉ?» ይላታል። እርሷም ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ «ኧረ ወዲያ! እኔ?» ትላለች። መልሷ እውነት ነው። የሳል ሽሮፕ ታዞልን እንመለሳለን። እህቶቼ፣ መጠየቅ እንጀራዬ የሆነ እኔ እንኳ አጠገቧ ተቀምጬ ዝም ማለቴ ዛሬም ያሳፍረኛል።

በ1995 ዓ.ም. በገጠር ተጀምሮ ኋላ ወደ ከተሞች የዘለቀው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም ባለሙያዋን እስከ ጓዳችን አመጣት። ልጅቱ በኦሮምኛ እያጫወተቻት ጎንበስ ብላ ማድ ቤት ስትገባ ጢሱ ዓይኗን አስነባው።

«እናቴ፣ እዚህ ስንት ሰዓት ይቀመጣሉ?»

«ከንጋት እስከ ማታ።»

«ይህን ለሐኪሙ ነግረውታል?»

አክስቴ መሬት መሬት አየች። «አረቄ አወጣለሁ ብለው ጠጪ ናት እንዳይለኝ ፈራሁ።»

የማገዶ ጢስ ሲጋራ በእጇ ያልነካችን ሴት ሳንባ እንደሚጎዳ የሰማነው ያን ዕለት ነው። ልጅቱ ያየችውን በወረቀት ጽፋ ሰጠችን። እኔም በበኩሌ ሳሉ መቼ እንደሚብስ፣ የትኞቹ መድኃኒቶች እንደተሞከሩ ከአክስቴ እየጠየቅሁ ከሥሩ ጨመርሁበት።

ሐኪሙ ወረቀቱን ሁለት ጊዜ አነበበው። ከዚያ ብዕሩን አስቀምጦ ወንበሩን ወደ አክስቴ ሳበና «ስንት ዓመት ሆነዎት?» አላት። አክስቴም ከበኩር ልጇ ልደት ጀምራ በጣቷ ትቆጥር ገባች።