በቀዶ ሕክምና ዋዜማ ሰውነትን ስለ ማሳረፍ

ከቤተ ሰባችን አንዱ ወደ ሐኪም ሄዶ «ይህ ሕመም በመድኃኒት ብቻ አይድንም፤ ቀዶ ሕክምና ያስፈልገዋል» የተባለ እንደ ሆነ፥ ከዚያች ሰዓት ጀምሮ በቤቱ ውስጥ ሁለት ሕመሞች ይገባሉ። አንደኛው ሐኪሙ መርምሮ ስሙን የነገረን ሕመም ነው፤ ሁለተኛው ፍርሃት ነው። ስለ ፊተኛው ብዙ እንደክማለን፤ ገንዘብ እናሰባስባለን፥ ደም የሚሰጥ ሰው እንፈልጋለን፥ የሚያስታምም ዘመድ ከሩቅ እናስመጣለን። ስለ ሁለተኛው ግን የምናደርገው «አይዞህ» ማለት ብቻ ነው። «አይዞህ» መልካም ቃል ነው፤ ነገር ግን የታመመው ሰው በምን እንደሚበረታ ካልተነገረው፥ መንገዱን ሳያሳዩ «በደህና ግባ» ብሎ እንደ መሸኘት ይሆናል።

በዚህ ጽሑፍ ላመለክት የምወደው፥ የቀዶ ሕክምና ፍርሃት የእምነት መጉደልም የወኔ ማነስም ሳይሆን የሰውነት ሥራ መሆኑን፥ የሰውነትም ሥራ በትምህርትና በልምምድ ሊገራ የሚችል መሆኑን ነው።

ሰው አደጋ ሲመጣበት እንዲሸሽ ወይም እንዲታገል ፈጣሪ በሰውነቱ ውስጥ ያዘጋጀለት ሥርዓት አለ። ከኩላሊቶች በላይ የተቀመጡት ሁለት ትንንሽ ዕጢዎች አድሬናሊን የተባለውን ንጥረ ነገር ወደ ደም ያፈሳሉ። በዚያን ጊዜ ልብ ምቱን ያፈጥናል፤ የደም ግፊት ከፍ ይላል፤ ትንፋሽ ያጥራል፤ ጡንቻ ይገተራል። ይህ ሁሉ ጅብ ለሚያባርረው መንገደኛ ይጠቅመዋል። በአልጋ ላይ ተኝቶ ነገን ለሚጠብቅ በሽተኛ ግን የሚሮጥበት ሜዳ የለውምና ኃይሉ በራሱ ላይ ይመለስበታል። ሌሊቱን እንቅልፍ ያጣል። ከቀዶ ሕክምናው በኋላም ከፍርሃት የተነሣ ሆዱን ሲገትር ስፌቱ ይወጠራል፤ የተወጠረው ያምመዋል፤ ሕመሙ ፍርሃትን ይጨምራል፤ ፍርሃቱም መልሶ ይገትረዋል። ሕመሙን ሸሽቶ በአጭሩ ሲተነፍስ ደግሞ አየሩ ወደ ሳንባው ጥልቅ አይደርስም፤ አክታ ይጠራቀማል፤ ከዚያም የሳንባ ምች ሊከተል ይችላል። የረዥም ጊዜ ጭንቀት የቁስልን መዳን እንደሚያዘገይም ታውቋል። በፈረንጅ አቆጣጠር በ1995 ዓ.ም. በአሜሪካ አገር በኦሃዮ የታተመ ምርመራ፥ አእምሮው የደከመ ዘመዳቸውን በማስታመም የተጨነቁ ሴቶች ትንሽ ቁስላቸው ከሌሎች ሴቶች ቁስል ዘጠኝ ቀን ያህል ዘግይቶ እንደ ዳነ ገልጿል።

ይህ ፍርሃት የጥቂት ሰዎች ነገር አይደለም። በአገራችን በጅማ ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ቀዶ ሕክምና ይጠብቁ በነበሩ 239 በሽተኞች ላይ ተደርጎ በ2014 ዓ.ም. በፈረንጅ አቆጣጠር የታተመው ጥናት፥ ከመቶው 70 የሚሆኑት ብርቱ ጭንቀት እንደ ነበረባቸው አስረድቷል። እንግዲህ በአንድ ክፍል ውስጥ አሥር ሰዎች ተኝተው ብናይ፥ ሰባቱ ዝም ብለው የሚታገሉት ጠላት አላቸው ማለት ነው።

ለዚህ ምን ይደረጋል? መልካሙን ምሳሌ የምናገኘው ከቦስተን ከተማ፥ ከማሳቹሴትስ ጄኔራል ሆስፒታል ነው። በዚህ ሆስፒታል በ1846 ዓ.ም. በፈረንጅ አቆጣጠር በኤተር የደነዘዘ በሽተኛ በሐኪሞች ጉባኤ ፊት ቀዶ ሕክምና ተደርጎለት የማደንዘዣ ዘመን ተከፈተ። ከ118 ዓመት በኋላ፥ በ1964 ዓ.ም.፥ በዚያው ሆስፒታል የማደንዘዣ ሐኪም የነበሩት ሎውረንስ ኤግበርትና ባልደረቦቻቸው ያለ አዲስ መድኃኒት በቃልና በልምምድ ብቻ ምን ሊሠራ እንደሚችል መረመሩ። የሆድ ቀዶ ሕክምና የሚጠብቁ 97 በሽተኞችን በሁለት ከፈሉ። ለአንደኛው ክፍል በዋዜማው ሌሊት እንደ ተለመደው ስለ ማደንዘዣው ብቻ ተነገራቸው። ለሁለተኛው ክፍል ግን ሐኪሙ ተቀምጦ፥ ከነቁ በኋላ የት እንደሚያማቸው፥ ሕመሙ ምን ያህል እንደሚበረታና እስከ መቼ እንደሚቆይ ሳይሸሽግ ነገራቸው። ሕመሙ በከፊል የሚመጣው በስፌቱ ሥር ያለው ጡንቻ ሲገተር መሆኑን፥ ጡንቻውን በማላላትና በጥልቅ በመተንፈስ ሊያስታግሡት እንደሚችሉ አስተማራቸው። ሆዳቸውን ሳይገትሩ በአልጋ ላይ የሚገላበጡበትን ዘዴ አሳያቸው። ይህ ሁሉ ካልበቃቸውም መድኃኒት እንዲጠይቁ ነገራቸው። ቀዶ ሕክምናውን የሠሩት ሐኪሞች ማን በየትኛው ክፍል እንደ ሆነ አያውቁም ነበር።

ፍጻሜውም እንዲህ ሆነ፤ የተማሩት በሽተኞች የሚያስፈልጋቸው ሞርፊን በግማሽ ቀነሰ፤ በአማካይም ከሌሎቹ 2.7 ቀን ቀድመው ወደ ቤታቸው ተሸኙ። አንባቢ ልብ ይበል፤ እነዚያ በሽተኞች «ምንም አያምህም» አልተባሉም። «ያምሃል፤ ነገር ግን እንዲህ ታደርጋለህ» ተባሉ እንጂ። እውነቱና ዘዴው አብረው ተሰጡ።

ጡንቻን በየተራ ገትሮ መልሶ የማላላትን ዘዴ ቀድሞ በ1929 ዓ.ም. በፈረንጅ አቆጣጠር በመጽሐፍ ያወጣው አሜሪካዊው ሐኪም ኤድመንድ ጃኮብሰን ነው። የገተረውንና ያላላውን ለይቶ የማያውቅ ሰው ማላላትን እንደማይችል አስተዋለ። እኛ መምህራን ይህን በየቀኑ በክፍል እናየዋለን። ብዕር መያዝ የጀመረ ሕፃን ጣቶቹ እስኪነጡ ድረስ ይጨብጣል፤ «ቀስ በል» ቢሉት አይገባውም፤ «አሁን አጥብቀህ ጨብጥ፤ አሁን ልቀቅ» ያሉት ጊዜ ግን ልዩነቱን በእጁ ያውቀዋል።

ከጥቂት ዓመታት በፊት እኔም ለሐሞት ከረጢት ጠጠር ቀዶ ሕክምና ሆስፒታል ተኝቼ ነበር። ከጎኔ አንድ ሽማግሌ ገበሬ ተኝተዋል። ልጆቻቸው አባታቸው እንዳይደነግጡ ብለው «ለምርመራ ነው» ብለዋቸው ነበርና፥ ነርሷ የነገውን ተራ ስትነግራቸው ፊታቸው ተለወጠ። ማታ መብራቱ ሲደበዝዝ ጋቢያቸውን ሰብስበው ከአልጋው ወረዱና «መምህር፥ እኔ ወደ አገሬ እሄዳለሁ። ሞቴን ያውቃሉ እንጂ ባልደበቁኝ ነበር» አሉኝ። ልጆቹ በፍቅር የሸሸጉት ነገር በአባታቸው ልብ ውስጥ ከሞት የሚከፋ ትርጉም አግኝቶ ነበር።

እኔም ሐኪሙ ለእኔ የነገረኝን ሁሉ ነገርኋቸው፤ የተኛ ሰው እንደማያይና እንደማይሰማ፥ ሲነቃ ጉሮሮው ሊደርቅ እንደሚችል፥ ስፌቱ እንደሚያምና ማስታገሻ እንዳለ አስረዳኋቸው። የራሳቸውን ነገር ግን ነገ ጧት ሐኪሙን እንዲጠይቁ፥ እስከዚያው አብረን እንድንተነፍስ ለመንኋቸው። በልጅነቴ በዜማ ቤት የኔታ ያስተማሩኝ አተነፋፈስ ትዝ አለኝ፤ በደረቱ የሚተነፍስ ተማሪ ዜማው መካከል ይቆረጥበታል፤ ከሆዱ የሚተነፍስ ግን እስከ መጨረሻው ይዘልቃል። እጃቸውን በሆዳቸው ላይ አድርገው ቀስ ብለው ሲያስወጡ፥ ትከሻቸውን ገትረው ሲያላሉ ቆዩ። በመጨረሻም ፈገግ ብለው «እርፍ አያያዝ ነው ለካ! ለጋ አራሽ እርፉን አንቆ ይይዝና እኩለ ቀን ሳይሆን ክንዱ ይዝላል» አሉ። እኔ በብዙ ቃል የደከምሁበትን እርሳቸው በአንድ ቃል ጨረሱት። በማግስቱ ሐኪሙን ጠይቀው፥ መልሱን ሰምተው፥ ፈቅደው ገቡ። ከሁለት ቀን በኋላም ጋቢያቸውን አጣጥፈው በስፌታቸው ላይ ደግፈው ሲያስሉ ሰማኋቸው።

ልምምዱ ቀላል ነው። በጀርባ ተኝቶ ወይም ተደግፎ ተቀምጦ፥ አንድ እጅ በሆድ ላይ ይደረጋል። በአፍንጫ አየር ሲገባ ሆድ ከፍ ይላል፤ ከዚያ ከገባበት ጊዜ በረዘመ ጊዜ ቀስ ተብሎ ይወጣል። ቀጥሎ ከእግር ጣት ጀምሮ ባት፥ ጭን፥ እጅ፥ ትከሻ፥ ግንባር በየተራ ለጥቂት ሴኮንድ እየተገተሩ ይለቀቃሉ። ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ግን የተሰፋው ስፍራ አይገተርም፤ ማላላቱ ብቻ ይበቃል። ራሱን የሚያዞረው ሰው ቢኖር መተንፈሱን ወደ ተለመደው ይመልስ። ይህን በየማታው ዐሥር ደቂቃ ያህል ከሳምንት በፊት መጀመር ይገባል፤ ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳልና፥ በመጨረሻው ሰዓት የተጀመረ ልምምድ ብዙ አይረዳም።

ልኩንም ማወቅ ያሻል። ይህ ልምምድ ማደንዘዣን አይተካም፤ የሕመም ማስታገሻ መጠየቅንም ነውር አያደርግም። በ2016 ዓ.ም. በፈረንጅ አቆጣጠር 105 ጥናቶችን፥ ከ10,000 የሚበልጡ በሽተኞችን ያሰባሰበ ምርመራ፥ እንዲህ ያለ ዝግጅት ሕመምንና ጭንቀትን ሊቀንስ፥ በሆስፒታል የመቆያውንም ጊዜ በግማሽ ቀን ያህል ሊያሳጥር እንደሚችል፥ ነገር ግን ማስረጃው ጽኑ እንዳልሆነ ገልጿል። ጥቅሙ ትንሽ ቢሆንም ዋጋው ትንፋሽ ብቻ ነውና የሚናቅ አይደለም።

«ጸሎት ያለው ሰው ይህ ምን ያደርግለታል?» የሚል አንባቢ ይኖር ይሆናል። መጽሐፈ ሲራክ በ38ኛው ምዕራፍ ሐኪምን ማክበርን ያስተምራል፤ ሐኪም የሚያዝዘውን ልምምድ መፈጸምም ከዚሁ ጋር ይቈጠራል። በ2001 ዓ.ም. በፈረንጅ አቆጣጠር የኢጣልያ ሐኪሞች 23 ሰዎችን መርምረው፥ በመቁጠሪያ እየተደጋገመ የሚደርሰው የካቶሊካውያን ጸሎት ትንፋሽን በደቂቃ ወደ ስድስት ገደማ እንደሚያወርደውና የልብን ሥርዓት እንደሚያረጋጋ አገኙ። ኪርያላይሶንን ቀስ ብሎ በመቁጠሪያ የሚያደርስ ሰው ሰውነቱም አብሮት ቢያርፍ አያስደንቅም። ነገር ግን ጸሎት ከእግዚአብሔር ጋር መነጋገር ነውና በልብ ምት አይመዘንም፤ የሰውነት ማረፍ ትርፉ ነው እንጂ ፍጻሜው አይደለም። ደግሞም ሐኪሙ «ከዚህ ሰዓት በኋላ ምንም አትቅመስ» ያለ እንደ ሆነ ጸበልም ቢሆን አይጠጣም፤ በማደንዘዣ ጊዜ ከሆድ የተመለሰ ነገር ወደ ሳንባ ቢገባ ሕይወትን ያሠጋልና። በዚያ ሰዓት መረጨት ይበቃል።

እንግዲህ እናቶችና አባቶች፥ ልጆችም፤ ቀዶ ሕክምና የሚጠብቅ ዘመድ ሲኖራችሁ እውነቱን አትሸሽጉት። ሊጠይቅ የሚፈልገውን በወረቀት ጽፋችሁ ከሐኪሙ ጋር አገናኙት። በየማታው አጠገቡ ተቀምጣችሁ አብራችሁት ተንፍሱ፤ የሚያስታምመው ሰው የተጨነቀ እንደ ሆነ የታመመውም ይጨነቃልና ለራሳችሁም ይጠቅማችኋል። በዋዜማው ሌሊት ጠያቂው በዝቶ አልጋውን ከብቦ እንዳያለቅስ፥ «እገሌ እንዲህ ሆኖ ሞተ» የሚል ወሬም እንዳይነሣ ከልክሉ።

እግዚአብሔር ለታመሙት ምሕረትን፥ ለሚያስታምሙት ትዕግሥትን፥ ለሐኪሞቻችንም የእጅ ጥበብን ይስጥልን።