ሪባን ተቆርጦ ያልተከፈተው ማዕድን

ለፍሪላንስ ጋዜጠኛ «ኩባንያው የማዕድን ማውጫ ግንባታ ሊጀምር ነው» የሚል መግለጫ ብርቅ አይደለም። ብዙ ጊዜ «የሥራ ዕድል ተፈጠረ» ተብሎ ዜና ይሆናል። እኔ ግን እንዲህ ያለ መግለጫ በደረሰኝ ቁጥር ትዝ የሚለኝ አይዳሆ ነው።

ጀርቮይስ የተባለ አነስተኛ የአውስትራሊያ ኩባንያ በአሜሪካ አይዳሆ ግዛት፣ ሳልመን ከተማ አቅራቢያ የኮባልትና የመዳብ ማውጫ ሲገነባ ቆይቶ እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 2022 አስመረቀ። በማርች 2023 ግን ግንባታው ሳያልቅ ሥራውን አቆመ። ማዕድኑ ከመሬት ውስጥ አልጠፋም፤ የወደቀው ዋጋው ነው።

ከዓለም ኮባልት ከሁለት ሦስተኛ በላይ የሚወጣው ከኮንጎ ነው። እዚያ ኮባልት በአብዛኛው ከመዳብ ጋር አብሮ የሚወጣ ተረፈ ምርት ነው። መዳቡ እስካዋጣ ድረስ ገበያው ቢጥለቀለቅም ኮባልቱ ከመሬት መውጣቱ አይቀርም። ተስፋውን ኮባልት ላይ የጣለ ትንሽ ኩባንያ ይህን አይችልም፤ ዕዳው ደግሞ ወለድ መቁጠሩን አያቆምም። ጀርቮይስ በጃንዋሪ 2025 አሜሪካ ውስጥ ለፍርድ ቤት የኪሳራ ጥበቃ አመለከተ።

ስለዚህ እዚህ አገራችንም የማዕድን ፈቃድ ሲፈረም ሦስት ነገር እንጠይቅ። የግንባታው ገንዘብ እጅ ገብቷል ወይስ ገና እየተፈለገ ነው? ዋጋው በግማሽ ቢወርድ ኩባንያው ይቋቋማል? ሥራው ቢቋረጥ የተቆፈረውን መሬት ማን ይደፍነዋል?

የአካባቢው ወጣት ሥራ አገኛለሁ ብሎ በሬውን ከመሸጡ በፊት መልሱን መስማት አለበት። ጭብጨባው ይደርሳል።