ከኡትሬክት ወደ ጋውዳ በብስክሌት

ሆላንዶች ብስክሌት የሚያዘወትሩት አገራቸው ሜዳ ስለሆነ ነው ሲባል ስንት ጊዜ ሰምቻለሁ። ከኡትሬክት ተነስተን ጋውዳ እስክንገባ ቀኑን ሙሉ በብስክሌት ከዋልን ወዲህ ግን ይህ መልስ አልዋጥልኝ ብሏል።

ሜዳነቱስ እውነት ነው። በአርባ ኪሎ ሜትር ገደማ መንገድ ላይ ዳገት ብለን የወጣነው ድልድይ ብቻ ነበር። ነገር ግን ከባሕሩ በኩል የሚመጣውን ነፋስ የሚያግደው ተራራ የለም፤ ሲገፋህ ይውላል። ዝናቡም ድንገት ነው። ያም ሆኖ ፀጉራቸው የነጣ ባልና ሚስት ጎን ለጎን እያወሩ ይነዳሉ፤ እናት ሁለት ልጅ ከፊቷ ባለው የእንጨት ሳጥን ጭና ታልፋለች። ማንም አይቸኩልም፤ ማንም ወደ ኋላው እየተገላመጠ አይሳቀቅም። ሜዳ የሆነ አገር በዓለም ላይ ሞልቷል። እንዲህ ያለ ሰላም ያለው መንገድ ግን አልሞላም።

እኔና የአክስቴ ልጅ የተነሳነው ከኡትሬክት ባቡር ጣቢያ ነው። እዚያ በ2019 (ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ነው የምጽፈው) ተሠርቶ ያለቀ 12,500 ብስክሌት የሚይዝ ማቆሚያ አለ፤ በዓለም ትልቁ ነው። ሰው ከብስክሌቱ ሳይወርድ እየነዳ ይገባና ቦታ ፈልጎ አቁሞ ወደ ባቡሩ ይሮጣል። የመጀመሪያው 24 ሰዓት በነጻ ነው። አንድ መንግሥት ገንዘቡን የት እንዳዋለ አይቶ ማንን እንደሚያከብር ማወቅ ይቻላል።

መንገድ ለማግኘት ስልክ አላስፈለገንም። በየመገናኛው ቁጥር የተጻፈበት ምልክት አለ፤ ከአንዱ ቁጥር ወደሚቀጥለው ቀስት ያመለክትሃል። ጠዋት ከመነሳታችን በፊት ካርታ አይተን ቁጥሮቹን በቁራጭ ወረቀት ላይ በተርታ ጻፍንና በፕላስተር መሪው ላይ ለጠፍነው፤ አለቀ። ዘዴውን ያመጣው ሁጎ ቦለን የተባለ ቤልጂየማዊ የማዕድን መሐንዲስ ነው። በከሰል ማውጫው ጉድጓድ ውስጥ መተላለፊያዎች የሚገናኙባቸው ቦታዎች ቁጥር ነበራቸው፤ እሱም ያንን አውጥቶ በ1995 በቤልጂየም ሊምቡርግ ለብስክሌት መንገድ አዋለው። ከዚያ ሆላንዶች ወሰዱት። ጨለማ ውስጥ ሠራተኛ እንዳይጠፋ የታሰበ ነገር ዛሬ በፀሐይ ለሚንሸራሸር ሰው መሪ ሆኗል፤ ይህን ሳውቅ በጣም ደስ አለኝ።

ከአይሰልስታይን ከተማ በኋላ መንገዱ የሆላንድሰ አይሰልን ወንዝ ይዞ ይሄዳል። ወንዝ ይባል እንጂ አንዳንድ ቦታ ላይ ድንጋይ ወርውረህ ማዶ ታደርሳለህ። ትኩር ብለህ ስታይ የሚገርመው ሌላ ነው፦ ውሃው ከማሳው ከፍ ብሎ ነው የሚሄደው። በግራ እጄ በኩል ያለው ወንዝ፣ በቀኝ በኩል ካለው ላሞች ከሚግጡበት መስክ በላይ ነበር። በመካከለኛው ዘመን ገበሬዎች ረግረጉን በቀጫጭን ቦይ እያጠነፈፉ ሲያርሱት፣ አፈሩ ሲደርቅ እየሟሸሸ ወረደ፤ አፈሩ በወረደ ቁጥር ውሃውን በንፋስ ወፍጮ፣ ኋላም በሞተር እየሳቡ ማውጣት ግድ ሆነ። ዛሬም ድረስ ያወጣሉ። ከጋውዳ ብዙም ሳይርቅ የአገሩ ዝቅተኛ ቦታ አለ፤ ከባሕር ወለል በታች 6.76 ሜትር ነው። ማሳዎቹ ረዣዥምና ጠባብ ሆነው እስከ አድማስ ይዘልቃሉ፣ በየመሐላቸው ቦይ፣ በየቦዩ ዳር ሽመላ። ይህን ሁሉ በመኪና መስኮት ብታየው አረንጓዴ ነገር አየሁ ብለህ ታልፋለህ። በብስክሌት ግን የቦዩ ሽታ፣ የታጨደው ሣር፣ የፍግ ጠረን ሁሉ ይደርስሃል።

ሞንትፎርት የተባለች ከተማ ስንደርስ ትምህርት ቤት ተለቆ ነበር። ዘጠኝ ወይም አሥር ዓመት የሚሆናት ልጅ ቦርሳዋን አዝላ ከፊታችን ትነዳለች። መታጠፊያው ጋ ስትደርስ ወደ ኋላዋ ዞር ብላ አየችን፣ ግራ እጇን ቀጥ አድርጋ ዘረጋች፣ ታጥፋም ሄደች። ብቻዋን ናት። ከኋላዋ የመጣው መኪና ቆሞ ጠበቃት፤ ጡሩምባ አልነፋም። የአክስቴ ልጅ፣ እዚህ ተማሪዎች አንደኛ ደረጃን ሳይጨርሱ የመንገድ ደንብ ፈተና እንደሚወስዱ፣ በወረቀት ብቻ ሳይሆን በብስክሌትም ከተማ ውስጥ እየነዱ እንደሚፈተኑ ነገረችኝ።

ያቺን ልጅ ሳይ ያሰብኩት በ1971 ስለሞቱት ሕፃናት ነው። በዚያ ዓመት ሆላንድ ውስጥ ከ3,000 በላይ ሰው በመኪና አደጋ ሞተ፤ ከ400 በላይ የሚሆኑት ሕፃናት ነበሩ። ያኔም አገሩ ሜዳ ነበር! ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ መኪና ሲበዛ ከተሞቹ ሰፈር እያፈረሱ መንገድ ያሰፉ፣ አደባባዩን ሁሉ የመኪና ማቆሚያ ያደርጉ ነበር። ብስክሌት የድሃና ያለፈበት ሰው ነገር ሆኖ ሊቀር ጥቂት ነበር የቀረው። ቪክ ላንገንሆፍ የተባለ ጋዜጠኛ ትንሽ ልጁ በመኪና ተገጭታ ከሞተች በኋላ «የሕፃናት ግድያ ይቁም» ብሎ ጻፈ። አደጋ አላለውም፤ ግድያ አለው። ወላጆች በዚያው ስም ተሰባስበው መንገድ ዘጉ፣ ከነልጆቻቸው አስፋልት ላይ ወጡ፣ ወደ ፓርላማ ሄዱ። በ1973 መጨረሻ ነዳጅ ሲቸግር ደግሞ መንግሥት እሁድ እሁድ መኪና እንዳይነዳ ከለከለ፤ ሕዝቡም በአውራ ጎዳናው ላይ በእግርና በብስክሌት ሲንሸራሸር ከተማው ያለ መኪና ምን እንደሚመስል አየ። በ2018 መጨረሻ አዲስ አበባ ላይ «መንገድ ለሰው» የተባለው መንገድ ለመኪና የሚዘጋበት ቀን ሲጀመር አስፋልቱ ላይ ሲሯሯጡ የነበሩትን ልጆች ያየ ሰው ያ ደስታ ምን እንደሆነ አይጠፋውም። ልዩነቱ ሆላንዶቹ በእሁድ ብቻ አለማቆማቸው ነው። ግፊታቸውን ቀጠሉ፤ ቀዩ የብስክሌት አስፋልት፣ ለብቻው የቆመው የብስክሌት መብራት፣ መኪና እንግዳ የሆነበት ጠባብ መንገድ በዓመታት ክርክር የመጣ ነው። እኔ በዚያ ቀን ፈታ ብዬ የተንሸራሸርኩት ልጆቻቸውን የቀበሩ ሰዎች በታገሉበት መንገድ ላይ ነው። ይህን እያወቁ መንዳት ሌላ ነው።

ምሳ የበላነው አውደዋተር ነው። በዚች ትንሽ ከተማ አንድ የታወቀ የሚዛን ቤት አለ። በ16ኛውና በ17ኛው መቶ ዘመን ጠንቋይ ናት ተብላ የተወራባት ሴት በመጥረጊያ የምትበረው ክብደት ስለሌላት ነው ይባል ነበርና፣ የተከሰሱ ሰዎች ከሩቅ ሳይቀር እዚህ እየመጡ ይመዘኑ ነበር። መዛኙ ክብደታቸው ከቁመናቸው ጋር የሚስማማ መሆኑን ጽፎ ማኅተም አድርጎ ይሰጣቸዋል። በሌላ ቦታ ሚዛኑ ይጭበረበር ነበር፤ እዚህ ግን አንድም ሰው ጠንቋይ ተብሎ አልተፈረደበትም። እኛም አገር ቡዳ ነው ተብሎ የተገለለ ሰው ምን እንደሚደርስበት የሚያውቅ ሁሉ የዚያን ወረቀት ዋጋ ይረዳል። ዛሬ ጎብኚ ሁሉ ይመዘናል፤ ትልቁ የእንጨት ሚዛን ላይ ቆሜ እኔም ወረቀቴን ተቀበልኩ፣ ቤቴ ግድግዳ ላይ ሰቅዬዋለሁ።

ከዚያ በኋላ ያለው መንገድ በሀስትሬኽት በኩል ቶሎ ያልቃል። ጋውዳን ሰው የሚያውቃት በቺዙ ነው፤ እኔ ግን የቅዱስ ዮሐንስን ቤተ ክርስቲያን ሳታዩ አትመለሱ እላለሁ። 123 ሜትር ርዝመት አለው፣ በአገሩ ረጅሙ ነው። ባለቀለም መስኮቶቹ ውስጥ አንዱን የሰጠው የስፔኑ ንጉሥ ፊልጶስ ሁለተኛ ነው፤ ሌላውን የሰጠው ኋላ በፊልጶስ ላይ ያመፀው የኦራንየው ዊለም ነው። ሁለቱ ሲዋጉ አገሩ በደም ታጠበ፤ መስኮቶቻቸው ግን ዛሬም በአንድ ጣሪያ ሥር አሉ። ፀሐይ በሁለቱም ታልፋለች።

መሄድ ለምትፈልጉ አንድ ምክር ልስጥ። ነፋሱ አብዛኛውን ጊዜ ከደቡብ ምዕራብ ስለሚመጣ፣ ከጋውዳ ተነስታችሁ ወደ ኡትሬክት ብትነዱ ከጀርባ ይገፋችኋል። ብስክሌት በባቡር ለመጫን የራሱ ትኬት አለው፤ በሥራ ቀን ጠዋትና ማታ ሰው በሚበዛበት ሰዓት አብዛኛውን ጊዜ አያስገቡም። ስለዚህ ወይ በጊዜ ጨርሱ፣ ወይ ጋውዳ ገበያ አደባባዩ ላይ ቁጭ ብላችሁ ትኩስ ስትሮፕዋፈል (በመሐሉ ሽሮፕ ያለበት ቀጭን ዋፍል) እየበላችሁ እስከ ምሽቱ አንድ ሰዓት ቆዩ። እኛ የመረጥነው ሁለተኛውን ነው።